ስድስት ፊት በአንድ ሸራ፦ ዘይት ቀለም ለመማር የትኛውን የድሮ ሥዕል እንቅዳ?

ባለፈው ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ህትመት አየች። ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ስብሰባ ላይ ሆነው ሳለ አንድ ሰው ድንገት በሩን የከፈተባቸው ይመስል ቀና ብለው ያያሉ። «እነዚህ ደግሞ የየትኛው እድር ኮሚቴ ናቸው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ግን ብዙም አልተሳሳተችም። አምስቱ የአምስተርዳም የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። የተነከረውን ጨርቅ ከናሙና ጋር እያስተያዩ ደረጃ የሚያወጡ። ስድስተኛው፣ ባርኔጣ የሌለው፣ አገልጋያቸው ነው። ሆላንዳዊው ሰዓሊ ሬምብራንት ሥዕሉን የጨረሰው በ1662 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እኔ እዚህ አዳማ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሥዕል እየቀዳሁ ዘይት ቀለም እማራለሁ። እሱን የመረጥኩት ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ ትልቅ ሥዕል ጀምሬ አበላሽቻለሁ። ሌሎቹን ደግሞ አስቤያቸው ትቻለሁ። ያለ አስተማሪ ልጀምር የሚል ሰው ካለ፣ የእኔን ዙሪያ ጥምጥም እንዳይዞር ይህን አንብቦ ይምረጥ።

አንድ ፊት ወይስ ቡድን?

«አንድ ፊት መች ቻልኩና ነው ስድስት?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚህ ነው። ዛሬ ከአንድ ሥዕል አንድ ፊት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ሥዕል ሌላ ፊት ስትቀዱ ሁሉም ነገር ይቀያየራል። ብርሃኑ ሌላ፣ ቆዳው ሌላ፣ የሰዓሊው እጅ ሌላ። ከመጀመሪያው የተማራችሁት ለሁለተኛው አይበቃም።

ጥሩ የቡድን ሥዕል ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ነው። ሁሉም ፊት የተቀባው ከአንድ ፓሌት፣ ማለትም ከተመሳሳይ ጥቂት ቀለሞች ነው። ስለዚህ አንዱን ፈተና ስድስት ጊዜ ትፈተናላችሁ። የመጀመሪያው ፊት ማሟሻ ነው። ምጣድ ሳይሟሽ ጥሩ እንጀራ የለም፤ ማሟሻውን ደግሞ ለእንግዳ የሚያቀርብ የለም። ሦስተኛው ፊት ላይ ጉንጭ እንዴት ወደ ጥላ እንደሚዞር ይገባችኋል። አምስተኛው ላይ እጃችሁ ከሐሳባችሁ ይቀድማል።

ፊቶቹ እርስ በርስም ይተራረማሉ። ብቻውን የተሳለ ፊት ቢጫው ቢበዛበት ላታውቁት ትችላላችሁ። ከአምስት ፊት መሐል ግን ያ አንዱ የወባ በሽተኛ መስሎ ይጮኻል።

የእኔ መመዘኛ ከዚህ የመጣ ነው፦ ፊቶቹ በመጠን የሚቀራረቡ፣ ብርሃኑ አንድ፣ ቀለሙ ጥቂት የሆነ ሥዕል። ዝናው አይደለም።

መቅዳት ደግሞ ነውር አይደለም። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በ1600 ግድም በኢየሱሳውያን በኩል አገራችን ገብቶ፣ የእኛ ሰዓሊዎች ደጋግመው ቀድተውት «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለን የምናውቀው መልክ ከዚያ ተወለደ። አሜሪካዊው ሰዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንትም በ1879 ማድሪድ ሄዶ የስፔኑን ሰዓሊ ቬላስኬዝን ቀዳ፤ በ1880 ሆላንድ፣ ሃርለም ከተማ ሄዶ የዚያኑ አገር ሰዓሊ ፍራንስ ሃልስን ቀዳ። እኛ ሃርለም መሄድ ባንችል ስልክ አለን።

አራቱ እጩዎች፣ እና አምስተኛው

ከወደቅኩበት ልጀምር። «የሌሊት ዘብ» የሚባለው የሬምብራንት ሥዕል (1642) የታወቀ ስለሆነ ብቻ እሱን መረጥኩ። ትልቅ ስህተት። ሥዕሉ ወደ 380 በ454 ሳንቲሜትር ነው። የሳሎናችን ግድግዳ ራሱ አይችለውም። 50 በ70 ሳንቲሜትር ሸራ ላይ ሳወርደው የሰዎቹ ፊት ወደ 3 ሳንቲሜትር ወረደ። የአውራ ጣት ጫፍ ማለት ነው። በዚያ መጠን ዓይን አይሳል፣ ከንፈር አይሳል፤ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መሄድ ብቻ። ብርሃኑም አንዱን ይመታል፣ ሌላውን ይዘላል። ግማሹ ሰው ጨለማ ውስጥ ነው። ከአንዱ ፊት የተማርኩትን ሌላው ላይ ልሠራበት ስል ሌላው ጥላ ውስጥ ተደብቋል። ሁለት ወር ከታገልኩ በኋላ ሸራውን ገልብጬ አልጋ ሥር ከተትኩት።

አንድ ደስ የሚል ታሪክ ግን አለው። በ1715 ሥዕሉን ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲያዛውሩት ግድግዳው ጠበበና ጠርዞቹን ቆረጧቸው። የተቆረጠው ጠፋ። ዛሬ ምን እንደነበረበት የምናውቀው ኼሪት ሉንደንስ የሚባል ሰዓሊ ቀደም ብሎ በትንሹ ስለቀዳው ነው። ቅጂ ዋናውን ሲያድን ማየት ለእኛ ለቀጂዎች ሞራል ነው።

ሁለተኛው «የዶክተር ቱልፕ የአናቶሚ ትምህርት» ነው። ይሄም የሬምብራንት፣ በ1632፣ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ሳለ የሠራው። መጠኑ 169.5 በ216.5 ሳንቲሜትር፣ ሄግ ከተማ ሞሪትስሃውስ ሙዚየም ይገኛል። ስምንት ሕያው ሰዎች አንድ አስከሬን ከበዋል። እንደ ትምህርት ካየነው ሀብታም ሥዕል ነው። ብርሃኑ ግልጽ ነው። የብሩሹ አካሄድ ለስላሳና የታረመ ስለሆነ መከተል ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን የሞተ ቆዳና የሕያው ቆዳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ አረንጓዴ ወዳለው ግራጫ፣ ሌላው ወደ ቀይ ይስባል። ከዚህ የተሻለ የቆዳ ቀለም ትምህርት አላውቅም።

ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? አንደኛ፣ ራሶቹ በየአቅጣጫው ያዘነበሉና የተደራረቡ ስለሆኑ ከቀለሙ በፊት ንድፉ ይጥላችኋል። ሁለተኛ፣ እነዚያ የተጨማደዱ ነጫጭ አንገትጌዎች ትዕግሥት ይጨርሳሉ። ሦስተኛ፣ እናቴ። «ሬሳ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ አይታደርም» አለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ለሁለተኛ ቅጂ ያዙት።

ሦስተኛው የፍራንስ ሃልስ «የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አስተዳዳሪ ሴቶች» ነው። በ1664 የተሳለ፣ 170.5 በ249.5 ሳንቲሜትር፣ ሃርለም ያለ። አራት አስተዳዳሪዎችና አንዲት አገልጋይ። ሃልስ ይህን ሲሠራ ዕድሜው ሰማንያን አልፎ ነበር። ሥዕሉ ጀማሪን ያታልላል። ብሩሹ ነጻ፣ ፈጣን፣ «ይሄንማ እኔም አደርገዋለሁ» የሚያሰኝ ነው። እጁን አንድ ጊዜ ሸርተት አድርጎ ጣት ይሆናል። እናንተ ሸርተት ስታደርጉት ጭቃ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እሱ ስድሳ ዓመት ከሣለ በኋላ የተወውን ነገር እኛ ገና አላወቅነውም። ሰዓሊው ቫን ጎኽ፣ ሃልስ ቢያንስ ሃያ ሰባት ዓይነት ጥቁር እንዳለው ጽፏል። ጥቁር ልብስ ውስጥ ጥቁር እጥፋት ማየት የሚፈልግ፣ ንድፍ ላይ የማይቸገር ሰው ይሞክረው።

የቬላስኬዝ «ላስ ሜኒናስ» (1656) ይቅርባችሁ። ግሩም ሥዕል ነው፤ ግን ግማሹ ባዶ ክፍልና አየር ነው። አየር መሳል የመጨረሻው ትምህርት ነው።

የቀሩት የእኛ እድርተኞች ናቸው። ሥዕሉ 191.5 በ279 ሳንቲሜትር ነው። በሩብ ስታወርዱት 48 በ70 ግድም ይመጣል፤ ማለትም የተለመደው 50 በ70 ሸራ በትንሽ ማስተካከያ ይበቃዋል። ፊት ሁሉ የእንቁላል ያህል ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን በትንሽ ብሩሽ ዓይንና ከንፈር ይሳላል። ስድስቱም ፊት በመጠን ተቀራራቢ ነው። ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ለሁሉም እኩል። ልብሱ ጥቁር፣ አንገትጌው ነጭ፣ ግድግዳው ቡናማ እንጨት። ደማቅ ነገር ቢኖር ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ቀላ ያለ ምንጣፍ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የሚያጽናና ነገርም አለው። በኤክስሬይ ሲታይ ሬምብራንት ራሱ አገልጋዩን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እያደረገ ቦታ ሲቀያይርለት ነበር። እሱ ከተሳሳተ እኛ ምን አለብን?

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጠረጴዛው ከታች ወደ ላይ እንደታየ ነው የተሳለው። የጠረጴዛውን ገጽ አታዩትም። «ተሳስቷል» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት፤ እኔ አስተካክዬው ሰዎቹ ሁሉ ወደ ፊት የሚንሸራተቱ መሰሉ።

ሙሉውን ወይስ ቁራጩን?

እዚህ ላይ ሁለቱንም እላለሁ፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ አንድ ራስ ብቻ፣ በትክክለኛው የሰው ራስ መጠን፣ ርካሽ ሰሌዳ ላይ። ከዚያ ሙሉው ቡድን በ50 በ70። ትልቁ ራስ ቀለም ማደባለቅ ያስተምራል፤ ትንሹ ቡድን መመዘን ያስተምራል። በቀጥታ ቡድኑ ላይ የገባ ሰው ቀለሙንም ሚዛኑንም በአንዴ ሲታገል ይደክማል።

ቡድኑ ላይ ስትደርሱ ከአገልጋዩ ጀምሩ። ከኋላ ቆሟል፣ ባርኔጣ የለውም፣ ግንባሩ በብርሃን ነው። ማሟሻ ይሁንላችሁ። የባርኔጣ ጥላ ግንባር ላይ ሲወድቅ መሳል ከባድ ስለሆነ ሌሎቹን ከእሱ በኋላ ቀጥሉ።

ንድፉን ማሻገር

ካሬ መሥራት፣ በከሰል ገልብጦ መጫን፣ ወይም በዓይን ብቻ መንደፍ። በዓይን መንደፍ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን እዚህ የመጣነው ዘይት ቀለም ልንማር ነው፣ አንዱን ችግር ለሌላ ጊዜ እናቆየው። የህትመቱን ጀርባ በከሰል አጥቁሮ ሸራው ላይ አድርጎ በእርሳስ መከተል ፈጣን ነው፤ ግን እጅ እንጂ ዓይን አይሠራም። እኔ በካሬ ነኝ። ህትመቱንም ሸራውንም እኩል ቁጥር ባላቸው ካሬዎች ትከፍላላችሁ፣ እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ትነድፋላችሁ። ፊት አካባቢ ካሬውን እንደገና በአራት ክፈሉት።

በአንድ ጊዜ ወይስ በንብርብር?

በአንድ ቁጭታ እርጥብ በእርጥብ መቀባት ደስ ይላል። የሃልስ ዓይነት ሥዕል ከሆነ እሱ ይሻላል። ከሥራ መጥቶ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚያገኝ ሰው ግን ንብርብር ነው የሚያዛልቀው። መጀመሪያ በርንት አምበር በሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ ብቻ፣ ሳስቶ፣ ብርሃንና ጥላውን ትዘረጋላችሁ። አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ በአዳማ ሙቀት አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ቆዳውን በላዩ። ነጭ የበዛበት ቦታ ግን አይቸኩልም፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚጠነክረው።

አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ከታች ያለው ንብርብር ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው የበዛ ይሁን። ከገለበጣችሁት ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ንብርብር በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን ቀለም) መሥራትም ይቻላል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል። አክሪሊክ ከሥር፣ ዘይት ከላይ። በፍጹም ተቃራኒውን አታድርጉ።

ቀለም ስንት?

አራት። ቲታኒየም ነጭ፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ አንድ ቀይ፣ አይቮሪ ብላክ (ጥቁር)። ከአምበሩ ጋር አምስት። «ሰማያዊስ?» ካላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ ቀላቅላችሁ ከቡናማው ጎን አስቀምጡት። ሰማያዊ መስሎ ይታያችኋል። ጥቁርና ኦከር ደግሞ አረንጓዴ ይሰጣሉ። የድሮዎቹ የሚጠቀሙበት ነጭ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ስለሆነ መርዛማ ነው፤ እሱን አትፈልጉ። ቲታኒየም ነጭ ግን ኃይለኛ ስለሆነ በጥንቃቄ፣ በብሩሽ ጫፍ ብቻ።

አሁን የአዳማ ጣጣ። ሱቅ ገብታችሁ «የዘይት ቀለም» ስትሉ የበርና የመስኮት ቀለም በቆርቆሮ ይሰጧችኋል። እኔ አንዴ ገዝቻለሁ። ጠርሙስ የመሰለ ፊት ወጣ። «የሰዓሊ፣ በቲዩብ ያለው» በሉ። ከሌለ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ናት፣ የሚመላለስ ሰው አይጠፋም፤ የቀለሙን ስም በወረቀት ጻፉለት፣ በቃል አይሆንም። ዘይቱ የተልባ ነው፣ ግን ለሰዓሊ የተጣራው እንጂ ከወጥ ቤት የሚቀዳው አይደለም። የምግብ ዘይት ሳይደርቅ ሊከርም ይችላል።

ሸራ ወይስ ሰሌዳ? ለመጀመሪያው ሰሌዳ እላለሁ። አናጺ ቤት ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ በልክ አስቆርጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ የሰዓሊ ጀሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) ቀብታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የግንባታውን ጀሶ በውሃ በጥብጣችሁ እንዳትሞክሩት፤ ዘይቱን ጠጥቶ ይሰነጣጠቃል። የተወጠረ ሸራ ያምራል፣ ግን በዚህ ከተማ ንፋስ ሸራ ሸራነቱ ይመጣበታል።

ንፋሱና ፀሐዩ

ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ተርባይኖች ያለምክንያት አልተተከሉም። መስኮት ከፍቶ የሠራ ሰው ማታ ላይ የሬምብራንት ሰዎች ጺም አውጥተው ያገኛቸዋል፤ አቧራ ነው። መስኮት ሲዘጋ ደግሞ ቀለም የምናቀጥንበት የተርፐንታይን ሽታ ራስ ያዞራል። መፍትሔው፦ ንፋስ በማይበረታበት በጠዋት ከፍቶ መሥራት፣ ሲጨርሱ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዘንብሎ ማስደገፍ። ከላይ የሚወርድ አቧራ ጀርባው ላይ ያርፋል።

የፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ «በሰሜን መስኮት ሥሩ፣ ፀሐይ አይገባም» ይላል። ለእነሱ እውነት ነው። አዳማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በእነዚያ ወራት የደቡቡ መስኮት ይሻላል። ወይም ነጭ ስስ መጋረጃ።

ከስልክ ወይስ ከህትመት?

ከራይክስሙዚየም ድረ ገጽ የሥዕሉን ጥርት ያለ ፎቶ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ባነር የሚያትሙ ቤቶች ቀዩን ያጋንናሉ፤ የእኔ አገልጋይ ከጠጅ ቤት የወጣ መስሎ ነበር። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ በትልቁ አሳትሙት፣ ለካሬና ለጥላ ይጠቅማል፣ ርካሽም ነው። ቀለሙን ከስልክ ተመልከቱ። ብርሃኑን ራሱ የሚቀያይረውን ማስተካከያ አጥፉት፤ አለበለዚያ ከቀትር በኋላ የቀባችሁትና ማታ የቀባችሁት ሁለት ሰው ይሆናል።

ሁለት ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ ውስጥ ከታፈነ ጨርቁ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ሥዕሉ ሲያልቅ ደግሞ ጀርባው ላይ «ከሬምብራንት የተቀዳ» ብላችሁ ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉ። ሉቭር ውስጥ እየቀዱ የሚማሩ ሰዎች ቅጂያቸው ከዋናው በመጠን መለየት አለበት፤ እኛ በሩብ ስለምንሠራ በዚያ በኩል ችግር የለብንም።

የእኔ አሁን አምስተኛው ፊት ላይ ነው። አገልጋዩን መልሼ ልቀባው አስቤ ተውኩት። አፍንጫው ትንሽ ጠሟል፣ ግራ ጉንጩም ቢጫ ነው። ጎረቤታችን ትናንት መጥታ በጣቷ አሳየችኝና «ይሄ ነው ገንዘብ ያዡ፣ አይደል?» አለች።